ከአንድ ጆግ የተቀዳ

የመጠጥ ቤቱ ጊታሪስት በፕላስቲክ ዘንባባው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ፊቱ ቀልቷል፤ ከንፈሩ አብጧል። አጠገቡ ያለው የአናናስና የኮኮናት መጠጥ ገና ግማሹ ነው የተነካው። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የፕላስቲክ በቀቀኖች በማራገቢያው ነፋስ ይወዛወዛሉ፤ ምን ገዷቸው!

በዚህ ቤት ሦስት ዓመት አናናስ የላጡት አሮጊት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ዓይናቸውን ከልጅ ልጃቸው ላይ መንቀል አቃታቸው። ባንኮኒው ጀርባ ቆማ መጠጡን የቀዳችለት እሷ ናት። ባለፈው ወር የቃል ኪዳን ቀለበቱን የመለሰችለትም እሷው።

«መጠጡን ከሷ ሌላ ማን ነካው?» አለ የቤቱ ባለቤት።

«ምላስህን ሰብስብ!» አሉ አሮጊቷ። «ይቺ ልጅ በረሮ ስታይ እንኳ እኔን ነው የምትጠራው። አንተስ? ሌላ ቤት ሊጫወት ተዋዋለብኝ ብለህ ትናንት ስትደነፋበት አልነበረም?»

የተጠራው የፖሊስ መርማሪ ሁለቱንም አዳመጠና ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ከሱ ሌላ ማን ጠጣ?»

«አራት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው። ሁሉንም ከዚህ ጆግ ነው የቀዳሁት።»

«የታመመስ?»

«ማንም።»

«እንግዲያማ መርዙ የገባው ብርጭቆው ውስጥ ነው!» አለ ባለቤቱ።

መርማሪው ጆጉን አሸተተ። ቆሻሻ መጣያውን ገለበጠ። ወጥ ቤት ገብቶ የተሰጣውን ማጥለያ ጨርቅ በጣቱ ዳበሰ።

«የኮኮናት ወተት በጣሳ ነው የሚመጣላችሁ?»

«አዎ። ዓርብ አልቋል፤ እስከ ማክሰኞ አይመጣም» አለ ባለቤቱ። ዕለቱ እሑድ ነበር።

«ታዲያ አንቺ ወተቱን ከየት አመጣሽ?»

«ከወጥ ቤት ተዘጋጅቶ ነው የሚሰጠኝ» አለች ልጅቱ።

መርማሪው ሁሉንም ባንኮኒው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ብርጭቆው ውስጥ ለብቻው የገባ ነገር የለም» አለ። «ሁሉም የጠጡት አንድ ነው። አንዳንዱን ሰው ግን ለሌላው የሚስማማ ምግብ ይገድለዋል፤ የከንፈሩ እብጠት የሚናገረው ይኸንን ነው። ኮኮናት አልቋል፤ መጣያው ውስጥ አንድም ጣሳ የለም። ጆጉ ውስጥ ግን ነጭ ወተት አለ። ማጥለያው ላይ የቀረው አተላ ለውዝ ነው።»

አሮጊቷ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«እኔ ነኝ የፈጨሁት» አሉ። «ኮኮናት የለም ብትል ደንበኛ ይጮህባታል ብዬ... ለውዝ እኮ ነው! ሕፃን የሚበላው!»

ይህን ሁሉ ዓመት ልጅቱን ከፈላ ዘይት፣ ከሚያንሸራትት ወለል፣ ከሰካራም እጅ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከለውዝ ማን ይጠነቀቃል?

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ለውዝ እንደማይስማማው ነግሮኝ ነበር።»

«ለኔስ? ለኔ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ፣ እማማ? እኔ ሳስነጥስ እንኳ እንቅልፍ አይወስድሽም። እሱን አገባለሁ ባልኩሽ ጊዜማ ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላሽም። ይኸን ብጨምርልሽ...»

«ማንም አስቦ አልገደለውም» አለ መርማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቢሆንም እናቴ፣ መጥተው ቃልዎን መስጠት አለብዎ።»

አሮጊቷ የሰሙት አይመስሉም።

«እናት አለችው?»

«አለችው» አለች ልጅቱ።

«ማን ይነግራታል?»

መርማሪው ኮፍያውን ከባንኮኒው አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።