ከደጅ የቆመ አይጠየቅም

መጀመሪያ የተሰማው ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ድፍን፣ እርጥብ ድምፅ። መቶ አለቃ ታዘበው ከሞጣ ያመጣችውን በቅሎ ኮርኩሮ ጥዶቹን ሲያልፍ፣ ከተራራው ደብር አጥር ሥር አንድ ወጣት ታስሮ ሲደበደብ አየ።

«ተዉት። ማነው?»

«ገዳዩ ነዋ» አሉ የደብሩ መሪጌታ ይርሳው። «ደምለው የሚሉት የቢቸና መምህር ነው። ተራራ ልይ፣ ሥዕል ልይ ብሎ ትናንት መጣ፤ ዛሬ ሠዓሊያችን አካለ ወልድ ሞተው ተገኙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንሰቅለዋለን።»

ደምለው ደም ተፋ። «ሥዕሉን ብቻ ነው ያየሁት ጌታዬ።»

ታዘበው ጫማውን አውልቆ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። ሠዓሊው ከግድግዳው ሥር ወድቀዋል፤ ግንባራቸው በገዛ ቀለም መፍጫ ድንጋያቸው ተፈርክሷል። ሰማያዊው ቀለም ፈስሶ፣ ከዳር አንድ የባዶ እግር ዱካ ደርቋል።

«ይህ ቀለም በውሃ ይለቃል?»

«ሙጫ አለበት» አሉ መሪጌታ። «ቆዳ ከያዘ ቶሎ አይለቅም።»

«እንግዲያው ሁሉም ከሥዕሉ ፊት ይቁም።»

ሰዉ ጫማውን እያወለቀ ገባ፤ ደምለውንም ከነገመዱ አስገቡት። ሥዕሉን ያሠሩት፣ ጉንጫቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው ፊታውራሪ አምባቸው ግን ከነጫማቸው ከሚስታቸው ከየሺእመቤት ጋር ደጁ ላይ ቀሩ።

«ይግቡ እንጂ፣ ፊታውራሪ።»

«ዛሬ አይመቸኝም።»

ለምን ያለ የለም። ከደጅ የቆመ አይጠየቅም።

«እኔ እጠይቃለሁ» አለ ታዘበው። «ገዳዩ ለመግደል ሲገባ እንኳ ጫማውን አውልቋል፤ ልማድ ነው። የደምለውን እግር እዩ፤ ደም እንጂ ቀለም የለበትም። የእናንተም ንጹሕ ነው። ደግሞ ሥዕሉን እዩ። ጌታን የሚገርፈው ሰው እንደ ክፉ ሁሉ ባንድ ዓይን ተሥሏል። የጉንጩ ጠባሳ የማን ነው?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «ፊታውራሪ አምና አሽከራቸውን ገርፈው ገደሉ። ሁላችንም ዝም ስንል አካለ ወልድ ብቻ ወቀሷቸው።»

«ወሬ ነው» አሉ ፊታውራሪ፤ ሽጉጣቸውን መዘዙ።

ታዘበው ወደ ሚስታቸው ዞረ። «እሜቴ፣ ትናንት ማታ እግራቸውን አጥበዋል?»

የሺእመቤት ከተዳሩ ጀምሮ የባላቸውን እግር ሳያጥቡ አድረው አያውቁም፤ ከትናንት በቀር። ጎንበስ አሉና የጫማውን ማሰሪያ ፈቱ። ሽጉጡ ከራሳቸው በላይ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩትም። ጫማውን ሳቡ፤ ካልሲውን ገፈፉ።

ተረከዙ ሰማያዊ ነበር።

ታዘበው የፊታውራሪን ክንድ ሲጠመዝዝ ጥይቱ ጣሪያውን በሳ። መሪጌታ የደምለውን ገመድ ፈቱ።

የሺእመቤት ጫማውን ከሌሎቹ ጫማዎች ጎን አስተካክለው አስቀመጡ። ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ ሳይታጠፉ ቁልቁል ወደ ቆላው ወረዱ።