የሐይቁ ድርሻ

ጎሎንድሪና የተባለችው አውቶቡስ ሐይቁን ተሻግራ ዳር ከደረሰች በኋላ ከጣውላው ጀልባ አልወርድም አለች። ጀልበኛው ዶን ኔሜስዮ ሁለት ጊዜ ጎኗን በመዳፉ መታ። በሦስተኛው ተሳደበ። ከዚያ በሾፌሩ በር ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥ አየና ባርኔጣውን አወለቀ። የአውቶቡሷ ባለቤት ዶን ፋኩንዶ ታርኪ መሪው ላይ ተደፍቶ ነበር። ከአፉ አረፋ ወጥቷል፤ ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ጠዋት ኮፓካባና ላይ አውቶቡሷ ስትባረክ የተበተነው ባለቀለም ወረቀት ገና ፀጉሩ ላይ ነበር።

ቲኪና በተባለው የሐይቁ መሻገሪያ ላይ ሁልጊዜም የሚሻገሩት እንዲህ ነው፤ አውቶቡሱ በጣውላው ጀልባ፣ ሰዉ በትንሿ የሞተር ጀልባ። ከመኪናው የማይለየው ሾፌሩ ብቻ ነው። ዶን ፋኩንዶ ሲሞት ሚስቱ ዶኛ ሳቢና፣ ልጁ ማርሌኒ፣ ታናሽ ወንድሙ ኤሌውቴሪዮ እና ሃያ ዓመት አብሯቸው የሠራው ሁለተኛው ሾፌር ሩፊኖ በሌላኛው ጀልባ ላይ ነበሩ። ማንም አልነካውም፤ ማንም አልቀረበውም። ሰዉን ያስፈራውም ይኸው ነው።

በነሐሴ ምድር ተርባ አፏን እንደምትከፍት፣ ድርሻዋንም እንደምትጠይቅ በእኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ታርኪዎች ደግሞ አምና ለአውቶቡሷ ቡራኬ አላደረጉም። ቱሪስት ጠፍቶ፣ መንገዱ በየሳምንቱ እየተዘጋ፣ ለናፍጣ ሁለት ቀን እየተሰለፉ፣ ማን የአበባና የመጠጥ አቅም አለው? እናም ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ተሻገረ፤ ያልሰጧትን ራሷ ወሰደች ተባለ። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ይል ነበር፦ የጠጣበትን ጠርሙስ በእጇ ያቀበለችው ልጁ ናት።

መርማሪዋ መቶ አለቃ ኤውላሊያ ቾኬ ከላፓዝ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ አፍንጫዋ በብርድ የቀላ ሴት ናት። በሥራ ዘመኗ ሬሳ አስፈርቷት አያውቅም። ውሃ ግን ያንቀጠቅጣታል፤ እንደ አብዛኞቻችን መዋኘት አትችልም።

«ሬሳውን ወደ ዳር ሊያወጡልኝ አይችሉም?» አለች የጀልባውን ጣውላ በጫማዋ ጫፍ እየሞከረች።

«እርስዎ ሳያዩ አይነካ ብዬ ነው» አለ የአካባቢው ሃምሳ አለቃ። «ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ነው። ጠርሙሱን ልጅቷ ሰጠችው፣ ጠጣ፣ ሞተ። ዛሬውኑ ይዘናት እንሂድ።»

«ምን ያጣድፍሃል? ሐይቁም የትም አይሄድ፣ ልጅቷም የትም አትሄድ። ይልቅ እጄን ያዘኝ።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጀልበኛውን ነው።

«ሲሻገሩ ምን ምን አደረጉ?»

«እንደ ወትሯቸው ነዋ! መሃል ስንደርስ ከጠርሙሳቸው ለሐይቁ ያፈሳሉ፣ ከዚያ እሳቸው ይጠጣሉ። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አስታጉለው አያውቁም። ዛሬ ብቻ…»

«ዛሬ ምን?»

«ዛሬ ለሐይቁ የራሷ ጠርሙስ መጣላት። ወይን ነው፤ ቀይ ሪባን የታሰረበት። ‹ኔሜስዮ፣ ዘንድሮ እመቤቲቱ ጣፋጭ አምሯታል› ብለውኝ እየሳቁ እስከ ታች ገለበጡላት። ከዚያ የራሳቸውን አልኮል ተጎነጩና ወደ መሪያቸው ገቡ።»

«ወይኑን ማን ሰጣቸው?»

«አልነገሩኝም። ሞተሩ ይጮሃል፣ እኔም አልጠየቅኩ።»

ሁለቱም ጠርሙሶች ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ተገኙ። አልኮሉ እኩሌታው አለ፤ ከወይኑ የቀረው ጠብታ ብቻ ነው። ኤውላሊያ ሁለቱን ጠቅልላ ወደ ላፓዝ ላከችና አውቶቡሷን ዞረቻት። ጎኗ ላይ የተሳለችው፣ ስሟ የተወሰደባት ወፍ ቀለሟ ለቋል። የፊተኛው የቀኝ ጥግ ግን አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ በዚያ በኩል ያለው መብራትም ከግራው ይልቅ ያብረቀርቃል። የቀኙ መስታወት ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። የግራው ላይ ግን ቋጠሮው ብቻ ቀርቷል፤ ሪባኑ በቢላ ተቆርጧል።

ማርሌኒ ከጀልባ ማሰሪያው ግንድ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ቱሪስቶቹን የምታስጎበኘው እሷ፣ ናፍጣ የምትሰለፈውም እሷ።

«አልኮሉን ከምግብ ቅርጫቱ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ሁሌም የምሰጠው እኔ ነኝ። ይወስዱኛል?»

«ቅርጫቱ የት ነበር?»

«አውቶቡሷ ውስጥ። ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ነበር… መቶ አለቃ፣ ነሐሴ አምስት ከላፓዝ የምንጭናቸው ሠላሳ ተሳላሚዎች አሉ። በስድስት ወር ያገኘነው ሥራ ይሄ ብቻ ነው። እኔን ካሰሩኝ፣ አውቶቡሷንም ከያዙብን አለቀልን። እማዬ ምን ትሆናለች?» ወደ አውቶቡሷ ዞራ አየች። «ደሞ… እውነት ምድር ወስዳው ከሆነስ? ቀጥሎ የምነዳው እኔ ነኝ። ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች ኤውላሊያ ውሃውን በጎን እያየች። «አይዞሽ፣ ፍርሃት ወንጀል አይደለም።»

ዶኛ ሳቢና አላለቀሰችም። ሻሏን አጥብቃ ቆማ ነበር።

«ሪባኖቹን ማን አሰራቸው?»

«እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም መስታወት በገዛ እጄ። ካህኑ ጠበል ሲረጩ ሁለቱም ነበሩ። ከዚያ ከማርሌኒ ጋር ሻማ ልናበራ ገባን። ፋኩንዶም ካህኑን ሊሸኝ ሄደ።»

«አውቶቡሷ ጋ ማን ቀረ?»

«ኤሌውቴሪዮና ሩፊኖ።»

«ባለቤትዎ ሰሞኑን እንዴት ነበሩ?»

«ከግንቦት ወዲህ እንቅልፍ አያውቅም። ‹ከቡራኬው በኋላ የምሄድበት አንድ ቤት አለ› ይለኛል። የማን ቤት ስለው ዝም። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን እንዴ ብዬም አስቤ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።»

ሩፊኖ እጁ ዘይት እንደነካው ነው የመጣው። የቀኙን ጥግ አዲስ ቀለም ስታሳየው ትከሻውን ነቀነቀ።

«እሱ የግንቦቱ ነው። እኔን ጥርስ አሞኝ ተኝቼ ዶን ኤሌውቴሪዮ ነድተው ነበር። ከመንጋ የወጣ ላማ ገጨሁ አሉ።»

«የማን ላማ?»

«እንጃ። ባለቤቱ አልመጣም።»

«አልመጣም?» ኤውላሊያ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ቶሎ ጠፋ። «ላማ ተገጭቶ ባለቤቱ ከነዘመዱ ያልመጣበት መንደር ቦሊቪያ ውስጥ አለ? ዛሬ ጠዋት ቡራኬው እንዳለቀ አንተ የት ነበርክ?»

«መኪናዋ ሥር፣ በጀርባዬ። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ቢባርኳትም አላቆመችም።»

ኤሌውቴሪዮ የመጨረሻው ነበር። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ያሽከረክራል።

«ወንድሜን ምድር ናት የወሰደችው» አለ። «አምና ዘለልናት። ስንት ጊዜ ነገርኩት!»

«ስለ ወይኑ የሚያውቁት ነገር አለ?»

«የምን ወይን? ወይን መጠጣት ከተውን ስንት ጊዜያችን።»

በሦስተኛው ቀን ከላፓዝ ወረቀት መጣ። ዶን ፋኩንዶን የገደለው የድንች ተባይ መድኃኒት ነው፤ የተገኘውም አልኮሉ ውስጥ ነው። ወይኑ ንጹሕ ነበር። ኤውላሊያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ወጥታ ለቤተሰቡ ዓይኗን ሳታሽ ዋሸች።

«ልባቸው ነው የቆመው። ሌላ ምንም የለም። አስከሬኑ ቀድሞ ኮፓካባና ገብቷል፤ አውቶቡሷን ይዛችሁ ሂዱና ቅበሯቸው። ብቻ ዛሬ በሞተር ጀልባው አይሆንም። ሁላችሁም እሳቸው በሞቱበት በጣውላው ጀልባ፣ ከአውቶቡሷ ጋር ተሻገሩ። እኔም አብሬ እመጣለሁ።»

ሃምሳ አለቃው የሰማውን ማመን አቃተው። «እርስዎ? በውሃ ላይ?»

«ዝም ብለህ አጠገቤ ቁም።»

ኤሌውቴሪዮ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ማርሌኒ ግን እፎይ አላለችም። ሦስት ቀን ሙሉ የገዛ እጇን ስትጠራጠር የከረመችውን ልጅ፣ ልብ ነው የሚለው ቃል ብቻውን አላሳመናትም።

ነፋስ ነበር። ጣውላዎቹ ይላወሳሉ፣ በመካከላቸውም ጥቁሩ ውሃ ብቅ ጥልቅ ይላል። ዶኛ ሳቢና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሩፊኖ የአውቶቡሷን ጎማ ተደግፏል። ኤውላሊያ በአንድ እጇ ገመዱን አጥብቃ ጨብጣ፣ በሌላው ከካፖርቷ ሥር አንድ ጠርሙስ አወጣች። ሁሉም አወቁት፤ የዶን ፋኩንዶ የአልኮል ጠርሙስ ነው፣ እኩሌታው ሙሉ።

«መሃል ደረስን» አለች። «እሳቸው ባይኖሩም ልማዳቸው አይቅር። ማርሌኒ፣ ለሐይቁ ድርሻዋን ስጫት።»

ማርሌኒ ተቀብላ ክዳኑን ከፈተች። አላመነታችም። ጠርሙሱን ወደ ውሃው አዘነበለች።

«አታፍሺው!»

ኤሌውቴሪዮ ዘሎ ክንዷን ያዘ። ባርኔጣው ወደቀና ነፋስ ወደ ሐይቁ ወሰደው። «ለእሷ አይሆንም! በነሐሴ! ሁላችንንም ታስጨርሺናለሽ!»

ማርሌኒ ጠርሙሱን ቀና አደረገች።

«ለምን አይሆንም ዶን ኤሌውቴሪዮ?» አለች ኤውላሊያ በቀስታ። «ወንድምዎን የገደላቸው ልባቸው ነው ብያችኋለሁ። አልኮሉ አልኮል ነው። ከእርስዎ በቀር እዚህ የደነገጠ የለም።»

ኤሌውቴሪዮ ክንዷን ለቀቀ። ሃምሳ አለቃው ከኋላው ቆመ።

«አይፍሩ፣ ያ ጠርሙስ ላፓዝ ነው፤ ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው» አለች ኤውላሊያ። «እኔን ከመጀመሪያው ያልዋጠልኝ ወይኑ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከሐይቁ ጋር ከአንድ ጠርሙስ የሚጠጣ ሰው፣ በሚሞትበት ቀን ለሐይቁ ሌላ ጠርሙስ ለምን ተሰጠው? የሰጠው ሰው አልኮሉ መርዝ መሆኑን ያውቃል። ሰው መግደል አላስፈራውም፤ አፏን የከፈተች ሐይቅ መርዝ ማጠጣት ግን አስፈራው። ለምርቃትም እንዲሆን ሪባን አሰረበት። ሪባኑ የተቆረጠው ከቡራኬው በኋላ ነው። ያኔ ሴቶቹ ሻማ ያበራሉ፣ ሩፊኖ መኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቷል። ቢላ ይዘው ከመስታወቱ ጋ፣ ቅርጫቱም አጠገብ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

«ግን ለምን?» አለ ሩፊኖ። «ወንድሙ አይደል እንዴ!»

«ላማው» አለች ኤውላሊያ። «ላማ አልነበረም፤ የተገጨው ሰው ነው። ዶን ፋኩንዶ ከቡራኬው በኋላ የሚሄዱበት ቤት የዚያ ሰው ቤት ነበር።»

ኤሌውቴሪዮ ጣውላው ላይ ቁጭ አለ። «ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ አላየሁትም። ማየት ስችል ወድቋል። አላቆምኩም። ፋኩንዶ መብራቱን ሲቀይር የሰው ልብስ ቁራጭ አገኘበት፣ ያኔ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ናፍጣ ባጣን ቁጥር ‹ይሄ ሁሉ ከዚያ ሰው የመጣ ነው፣ ሄደን እንናገር› ይለኛል። መንደሩ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቃላችሁ! ፈራሁ። ሌላ ምን ልበል፣ ፈራሁ።»

ዶኛ ሳቢና ቀረበችው። «ሦስት ቀን ከእኔ ሳህን በላህ» አለችው።

«እኔን ዝም ብለህ አየኸኝ አጎቴ» አለች ማርሌኒ። «ሰው ሲጠቋቆምብኝ፣ እጄን እያየሁ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ‹አይዞሽ› ትለኝ ነበር። የሰውየው ቤት የት ነው?»

«ቹኪ ፓምፓ። ከጀልባው ስትወርጂ በግራ። ሰማያዊ በር ነው።»

«ስሙስ?»

«አላውቅም።»

ጀልባው ዳር ነካ፤ ሃምሳ አለቃው ኤሌውቴሪዮን ክንዱን ይዞ አስነሳው። በቀኝ ያለው መንገድ ወደ ኮፓካባና፣ ወደ ቀብሩ፣ ከዚያም ወደ ሠላሳዎቹ ተሳላሚዎች ይወስዳል። በግራ ያለው ጠባብ አቧራማ መንገድ ወደ ቹኪ ፓምፓ ይወጣል። ማርሌኒ ወደ ሾፌሩ በር ስትራመድ ሩፊኖ ወዴት እንዳሰበች ገባው።

«ልጄ፣ መንደርተኞቹ ያቃጥሏታል። አንቺን ባይነኩ እንኳ ጎሎንድሪናን ያቃጥሏታል። ሌላ ምን አላችሁ?»

«ምንም» አለች ማርሌኒ። የሾፌሩን በር ከፈተች። «አባዬ ግን እዚያ ሳልደርስ ቅበሪኝ የሚል አይመስለኝም። መቶ አለቃ፣ አብረውኝ ይሄዳሉ?»

ኤውላሊያ ገመዱን ገና አልለቀቀችም። «ከዚህ ውሃ ላይ አውርጂኝ እንጂ የፈለግሽበት እሄዳለሁ።»

ማርሌኒ ጠርሙሱን አሁንም እንደያዘች ነበር። ጎንበስ ብላ እኩሌታውን ለሐይቁ አፈሰሰች፤ የቀረውን ራሷ ጠጣችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጥታ ሞተሩን አስነሳች፣ መሪውንም ወደ ግራ አዞረች።