የጠፋ ሰው ልጅ

«እናትሽ ሁለት ምስክር ይዛ ትምጣና አባትሽ ሞቷል ትበል። በቃ፣ ሌላ የሚያስቸግር ነገር የለውም» አሉ ሃምሳ አለቃ መርሻ።

እልፍነሽ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች። ሃምሳ አለቃ ኦጋዴን ላይ የቆሰለ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ይጠብቋታል። የዘማቾች ማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው። ማኅበሩ ዘንድሮ ከጂንካ አንድ ተማሪ አዋሳ ኮሌጅ ልኮ ሊያስተምር ነው፤ መጓጓዣውን፣ ልብሱን፣ የኪስ ገንዘቡን ሳይቀር ይችላል። ዕድሉ ግን አባቱ በጦር ሜዳ ለሞተበት ወይም አካሉ ለጎደለበት ልጅ ብቻ ነው።

«አባቴ እኮ ሞተ ያለን ሰው የለም» አለች እልፍነሽ። «ጠፋ ነው የተባልነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን ‹የጠፋ› ብለን የምንረዳው የለም። የጠፋ ሰው ተማርኮም ይሆናል፣ ከድቶም ይሆናል ይላሉ የበላዮቹ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለአንቺው ብዬ ነው። ከክፍልሽ አንደኛ ነሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፁ ያልተሰማ ሰው… እስከ ሰኞ ተመካከሩበት።»

አባቷ ተገኝ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜኑ ጦር ግንባር ሲሄድ እልፍነሽ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። የጫነው መኪና ሲንቀሳቀስ ከላይ ሆኖ በቤታቸው ቋንቋ፣ በአሪኛ፣ አንድ ነገር ጮኾ ነግሯት ነበር። የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳም፣ አታውቅም።

ጓደኛዋ ሣራ አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ሜዳው የከብትና የኳስ ተጫዋቾች ነው። የሣራም አባት ዘማች ነበር፤ መሞቱ ተነግሯቸው ልቅሶ ተቀምጠዋል። ሣራ ግን ነጥቧ ስላልደረሰ አልተወዳደረችም።

«ፋራ አትሁኚ!» አለች ሣራ ሁሉንም ከሰማች በኋላ። «አንቺ ሞተ ስላልሽ ይሞታል? ካለ አለ፣ ከሌለም የለም።»

«እማዬስ?»

«እሷማ ልጇ ኮሌጅ ስትገባ እልል ነው የምትለው። ደግሞ ስሙን ተገኝ ብለውት እንዴት ይጠፋል?» ብላ ሣቀች፤ ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። «ይቅርታ፣ እልፌ። ይሄ አፌ!»

እልፍነሽም ሣቋ አመለጣት። ሣቁ ሳያልቅ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ሣራ ሣር እየነጨች፣ «የኛን የነገሩን ቀን ምድር የተከፈተች ነው የመሰለኝ» አለች። «ከዚያ በኋላ ግን፣ እውነቴን ነው፣ በር ሲንኳኳ መደንገጥ ተውኩ። አንቺ አሁንም ትደነግጫለሽ አይደል?»

እልፍነሽ ተነሥታ ቀሚሷ ላይ የያዘውን ሣር አራገፈች።

እናቷ አለምነሽ ጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር። ከባድ ነገር በቤታቸው የሚወራው በአሪኛ ነውና እልፍነሽም በአሪኛ ነገረቻት። እናቷ ቀና ሳትል ፋቀች፣ ፋቀች።

«መቼ ነው የሚፈልጉን?»

«ሰኞ።»

«እሺ» አለች አለምነሽ።

እልፍነሽ ጠብ ይሆናል ብላ ስትፈራ ነው የመጣችው። ‹እሺ› የሚለው ቃል ከቁጣ ይልቅ ከበዳት።

መንግሥት የጸሎት ቤታቸውን ከዘጋ ወዲህ ሲመሽ በራቸውን ዘግተው በዝግታ ይጸልያሉ። እናቷ ሰዎችን በስም እየጠራች ነው የምትጸልየው። የታመመችውን ጎረቤት፣ ሃና ከተማ ያለውን ወንድሟን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ «ተገኝን ባለበት ጠብቀው» ትላለች። ያን ምሽት ጎረቤቷን ጠራች፤ ወንድሟን ጠራች። ከዚያ ዝም አለች። እልፍነሽ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«አሜን» አለች አለምነሽ።

እልፍነሽ አሜን ማለት አቃታት።

ሰኞ ጠዋት እናቷ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ሁለት ጎረቤቶች አስከትላ ማኅበሩ ቢሮ ገባች። ሃምሳ አለቃ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧት። አለምነሽ ግን አልተቀመጠችም።

«ይበሉ እንግዲህ፣ እመቤት» አሏት።

«ባሌ ተገኝ…» ብላ ጀመረች በማይቀናት አማርኛ። «ባሌ፣ እሱ…» ጎረቤቶቹ መሬት መሬት አዩ።

«ሃምሳ አለቃ» አለች እልፍነሽ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «አባቴ የት እንዳለ አናውቅም። ሞቷል ብለን አንመሰክርም።»

አለምነሽ ዞር ብላ አየቻት። ሃምሳ አለቃ ጉልበታቸውን አሹ።

«ዕድሉ ለሌላ እንደሚያልፍ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«እኔም ስናፈገፍግ ትቻቸው የወጣኋቸው ወታደሮች አሉ» አሉ፤ አሁን የሚያናግሩት እናቷን ነበር። «ቤተሰቦቻቸው ዛሬም ይጠይቁኛል። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጠፍቶኝ ነው የምኖረው።» መዝገቡን ከደኑ። «የጠፉት ሰዎች ልጆችም ይታሰቡ ብዬ ለበላዮቹ አመለክታለሁ። የሚሰማኝ ግን አይመስለኝም። ተስፋ አልሰጣችሁም።»

እናትና ልጅ ጎረቤቶቹን አመስግነው ሸኙና ብቻቸውን ሄዱ። ገበያው መግቢያ ደረሱ።

«ልለው ቆርጬ ነበር» አለች እናቷ በአሪኛ። «ላንቺ ስል።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። ማትሪክ አለ። ካለፍኩ ያለ ማኅበሩም እገባለሁ።»

«ካላለፍሽስ?»

«እንጃ» አለች እልፍነሽ። አዋሳን አይታት አታውቅም፣ ግን ባለፉት ቀናት በሐሳቧ መንገዶቿን ሁሉ ተመላልሳባቸው ነበር።

አለምነሽ ጥቂት ከተራመደች በኋላ መንገዱን ለቃ ወደ ፋጢማ ሱቅ ታጠፈች።

«ወዴት ነው፣ እማዬ?»

«ላምባ እንግዛ እንጂ» አለች እናቷ ዘወር ሳትል። «ማታ ማታ በምን ልታነቢ ነው?»