ዶን ኤቫሪስቶ ያላደረገው ንግግር

ዶን ኤቫሪስቶ ፒሪስ ተቀምጦ ነበር የሞተው። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ አርፎ። ፊት ለፊቱ የማቴ ቅጠል የሚጠጣበት ቅል ከነብረት መምጠጫው ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ማዶ፣ ባዶው ወንበር ፊት፣ የፍል ውኃው ፔርሙስ ቆሟል። በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ እንደ እርሳስ ከብዶ ወንዙ ላይ ተጋድሟል፤ ከደቡብ የሚመጣው የነሐሴ ብርድ የጓሮውን በር ያንቋቋዋል።

ኢንስፔክተር ኔሊዳ ኡሩቲያ ከአውራጃው ዋና ከተማ ወደ ሳን ሄርቫሲዮ የተላከችው ለሬሳ አልነበረም። በዚያ ምሽት በክለቡ አዳራሽ ስለ ማሪዋና ሕግ ክርክር ሊደረግ ነው። ሕጉ በአገሪቱ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ በታችኛው ምክር ቤት በጭንቅ አልፎ የላይኛውን እየጠበቀ ነበር፤ ለአዋቂ ሰው በመድኃኒት ቤት ይሸጥ፣ ለራሱ ጥቂት ተክል ያበቀለም አይታሰር የሚል ነው። ከተማዋ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ወንድም ወንድሙን አያናግርም፤ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት በድንጋይ ተሰብሯል። ኔሊዳ የመጣችው ፀብ እንዳይነሳ ነበር። ክርክሩን የሚመራው ሰው ግን ቀድሟት ሞቶ ጠበቃት።

«ልብ ነው» አለ የከተማው ፖሊስ ሳጅን ዋልደማር፣ ግዙፍ ሰውነቱን በሩ ላይ አስደግፎ። «ዶክተር ሊያንድሮ ሊነጋጋ ሲል መጥተው አይተዋቸዋል። ሽማግሌ ነበሩ፤ ልባቸው ቆመ፤ አለቀ።»

«እስቲ ፔርሙሱን በጓንት አንሳው።»

አነሳው። «እህ! ይከብዳል። አልተነካም ማለት ይቻላል።»

«ባለበት መልሰው። ኪሳቸውንም እይ።»

ሳጅኑ ከሟቹ የውስጥ ኪስ አንዲት ትንሽ ጥቁር ጠርሙስ አወጣ። ጽሑፍ የለባትም፤ አፏ በሰም ታሽጓል፤ ሰሙ አልተነካም።

«ዶክተሩ ይችን አይተዋታል?»

«የለም። የደም ሥራቸውን ዳብሰው፣ ዓይናቸውን ከድነው ነው የሄዱት። ልብሳቸውን አልነኩም።»

ኔሊዳ ጠርሙሷን ተቀበለችው። «ደማቸውና ቅሉ ወደ አውራጃው ሆስፒታል ይሂዱ። ፔርሙሱ ለአሻራ ይሂድ። ስለ ጠርሙሷ ደግሞ ለሚስትህም እንዳትናገር።»

«ኧረ ለሚስቴማ መንገር ለሬዲዮ መንገር ነው» አለ ሳጅኑ፤ ከሬሳው ፊት መቀለዱ ግን ወዲያው አሳፈረው።

ፎቅ ላይ የሟቹ እህት ዶኛ ዴልፊና ወንበሯ ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጣቶቿ በሪህ ተቆላልፈዋል። አላለቀሰችም።

«ማን እንደገደለው ልንገርሽ» አለች ገና ኔሊዳ ሳትቀመጥ። «ኔሬዮ ቴቼራ ነው። ልጄን ዳሪዮን ለፖሊስ የሸጠው። አብረው አድገው፣ ከዚህ ገበታ አብረው በልተው! ከብዙ ዓመት በፊት ጓሮው ውስጥ የማሪዋና ተክል አለው ብሎ ጠቆመበት። ልጄ በእግሩ እስር ቤት ገባ፤ በሣጥን ወጣ። በጩቤ ወጉት።»

«ኔሬዮ ትላንት እዚህ መጥቶ ነበር?»

«አመሻሹ ላይ በጓሮ በር ሲወጣ በዚህ መስኮት አይቼዋለሁ። ከዚያ ወንድሜ ሲቆጣ በወለሉ ሰማሁት።»

«ከወጣ በኋላ?»

«ተመልሶ መጥቶ ነዋ!»

«ወንድምዎ ያሉትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይንገሩኝ።»

ዶኛ ዴልፊና ዓይኗን ጨፈነች። «‹እርስዎ ራስዎ ይናገሩ። ካልሆነ ነገ በሕዝቡ ፊት እኔ እናገራለሁ› አለ። ከዚያ ዝም። እኔም ጠብታዬን ወስጄ ስለነበር እንቅልፍ ጣለኝ።»

«የምን ጠብታ?»

«የአጥንቴን ሕመም የሚያስታግስ። ወንድሜ ከጀርመን አስመጣሁልሽ ብሎ ነው የሚሰጠኝ። ከሱ በፊት ሌሊቱን ስጮህ ነበር የማድረው።»

ኔሊዳ ኪሷ ውስጥ ያለችውን ጠርሙስ በጣቷ ዳበሰቻትና አመስግና ወረደች።

የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ኢርማ መደርደሪያ እየወለወለች ነበር፤ የተወለወለውን መልሳ ትወለውላለች።

«ትጨቃጨቁ ነበር አሉ» አለቻት ኔሊዳ።

«እንዴታ! ‹እኔ ይህን ሣር ለጎረቤቶቼ ልጆች አልሸጥም› አልኳቸው። ‹ለልጆች ማን ሽጪ አለሽ? ለአዋቂ ነው› አሉኝ። ‹አዋቂ! እዚህ ከተማ አዋቂ የታለ?› አልኳቸው። ሳቁ።» እንባዋ መጣ። «እሳቸውም ድሮ ይቃወሙ ነበር እኮ። የተለወጡት ዘንድሮ ነው። ጡረተኛው የፖሊስ አዛዥ አልጋ ላይ ሳለ መድኃኒት የሚያደርሱለት እሳቸው ነበሩ። እሱ ከሞተ ወዲህ እንደ በፊቱ አልነበሩም።»

«እጃቸውን ምን ነካው?»

«ሐሙስ ዕለት የፈላ ውኃ ፈሰሰባቸው። ዶክተሩ ናቸው ያሰሩላቸው። ግራ እጃቸው ድሮም ሽባ ነው፤ በቀኙ ማንኪያ እንኳ አልይዝ ብሏቸው፣ ማቴውን የምቀዳላቸው እኔ ነበርኩ። ትላንት ግን በጊዜ ወጣሁ፤ እንግዳ አለብኝ አሉኝ።»

«እንግዳው ማን ነበር?»

«አልነገሩኝም። ከሁሉ ሰው ጋር ይጫወቱ ነበር እኮ። ኩራት የለ፣ ወግ የለ። ትንሹንም ትልቁንም አንተ፣ አንቺ ነው።»

ኔሬዮ ቴቼራ ወንዙ ዳር የተገለበጠ ጀልባ ስር ሬንጅ ሲቀባ አገኘችው። ፂሙ ያለ ዕድሜው ሸብቷል። ኔሊዳን ሲያያት ብሩሹን አስቀምጦ ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ።

«ዛሬ ዘገያችሁ» አለ። «ዶሮ ሲጠፋ እንኳ ከዚህ ቀድማችሁ ነበር የምትመጡት።»

ኔሊዳ ጠርሙሷን አሳየችው። የዘረጋው እጅ ወረደ።

«ያንተ ናት?»

«የኔ ናት። ከማሪዋና የምጨምቀው ዘይት ነው። ለዶኛ ዴልፊና ሕመም፣ ዶን ኤቫሪስቶ እየወሰዱ ይሰጧታል። ትላንትም ይዤላቸው መጣሁ፤ ኪሳቸው ከተትኩላቸው።»

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ማንም! ትላንት እንኳ ‹እስከ ዛሬ ለአንድ ነፍስ አልተነፈስኩም› ብለው ማሉልኝ። ከኔ እጅ መሆኑን ብታውቅ እኮ ሕመሙን ትመርጣለች። እኔን ስታይ መንገድ የምትቀይር ሴት ናት።»

«ልጇን ጠቁመሃል?»

ኔሬዮ ወደ ወንዙ ዞረ። ውኃው ጠቁሮ፣ አፈር ጠጥቶ ይወርዳል። «ዶን ኤቫሪስቶ ትላንት ዓይን ዓይኔን እያዩ ይቅርታ ጠየቁኝ። አዛዡ ሊሞት ሲል ዳሪዮን የጠቆመውን ሰው ስም ነግሯቸዋል። ‹ነገ በሁሉም ፊት ስምህን አጠራልሃለሁ› አሉኝ። ‹ማነው?› አልኳቸው። ‹ዛሬ ብነግርህ ነገ ገዳይ ትሆናለህ› አሉኝ። ይኸው ሳይነግሩኝ ሞቱ።»

ዶክተር ሊያንድሮ ባስዋልዶ በክሊኒኩ ውስጥ ለምሽቱ ንግግር ሲዘጋጅ ነበር። ሕጉን የሚቃወመው ወገን መሪ እሱ ነው፤ በሚቀጥለው ምርጫ ለምክር ቤት እንደሚወዳደርም ይወራል። የከተማው ግማሽ በእጁ ተወልዷል። ኔሊዳን ተነስቶ ተቀበላት።

«ከሐሙስ ወዲህ በሕይወት አላየኋቸውም» አለ። «እጃቸውን ካሰርኩላቸው ወዲህ።»

«ልብ ነው ብለዋል።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንን ያልኩት ለክብራቸው ብዬ ነው። እውነቱን ልንገርዎት? ለእህታቸው የሚሰጧት የማሪዋና ዘይት ነበር። ራሳቸው ላይ ሞክረውት ልባቸውን ያቆመው ይመስለኛል። ዛሬ ማታ ለሕዝቡ መናገር ግዴታዬ ነው።»

ኔሊዳ ረጅም ጊዜ አየችው። «ይናገሩ፤ ማንም አይከለክልዎትም» አለችው።

ከክሊኒኩ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ፤ የሆስፒታሉ ሰው ነበር። በሟቹ ደም ውስጥም፣ በቅሉ ውስጥም፣ ልብ ለደከመ ሰው በጥቂቱ የሚታዘዝ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ብዛቱ ግን ጤነኛ በሬ ይጥላል። የማሪዋና ምልክት የሚባል የለም።

ምሽት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በስተቀኝ የሚደግፉት፣ በስተግራ የሚቃወሙት፤ መሐሉን ማንም አልረገጠውም። ንፋሱ የቆርቆሮ ጣራውን ሲያንገጫግጨው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። የሰብሳቢው ወንበር ባዶ ነው። ኔሬዮ ከኋላ በሳጅኑ አጠገብ ቆሟል፤ «ገዳይ!» የሚል ድምፅ ከወዲያም ከወዲህም ይወረወርበታል።

ዶክተር ሊያንድሮ መጀመሪያ ተናገረ። «ወንድማችን ኤቫሪስቶን የገደለው ልንፈቅደው የምንከራከርበት ሣር ነው! ለእህቱ ይሰጥ የነበረውን የማሪዋና ዘይት ቀምሶ ሞተ!»

«የምን ዘይት?» ብላ ዶኛ ዴልፊና ከፊት ወንበር ተነሳች። «የጀርመን መድኃኒት ነው ያለኝ እኮ!»

አዳራሹ ሲያጉረመርም ኔሊዳ ወደ መድረኩ ወጣች። አልጮኸችም፤ ድምፁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ዶን ኤቫሪስቶ በልብ ሕመምም በሣርም አልሞቱም። ማቴያቸው ውስጥ የልብ መድኃኒት ተጨምሮባቸው ነው። ሁለቱም እጃቸው ስለማይሠራ ፔርሙሱን ሊያነሱ አይችሉም። ፔርሙሱም የቆመው በእንግዳው በኩል ነው። የቀዳላቸው ሰው የመጀመሪያውን እንደ ወጉ ራሱ ጠጣ፤ ቀጥሎ በቀዳላቸው ላይ መርዙን አከለ። እሳቸውም አምነው ከእጁ ጠጡ። ማን ነው እሱ? ዶኛ ዴልፊና፣ የሰሙትን እስቲ ይድገሙልን።»

«‹እርስዎ ራስዎ ይናገሩ› አለ» አለች አሮጊቷ፤ ዓይኗ ግን ኔሬዮ ላይ ነበር።

«ሳጅን፣ ዶን ኤቫሪስቶ አንተን ምን ይሉህ ነበር?»

«እኔን? አንተ ነዋ። ‹አንተ ዝሆን› ነበር የሚሉኝ።»

«አንቺስ ኢርማ?»

«አንቺ።»

«አባ፣ እርስዎንስ?»

ከፊት የተቀመጡት ቄስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔንም አንተ ነበር የሚለኝ። ነፍሱን ይማር።»

«ኔሬዮንማ ከልጅነቱ ያውቁታል። ታዲያ በዚህ ከተማ ዶን ኤቫሪስቶ እርስዎ የሚሉት ማንን ነበር?»

ሰው ሁሉ ሟቹን በሐሳቡ ያዳምጣል። ድንገት ኢርማ አፏን በእጇ ያዘች።

«ዶክተሩን» አለች። «በቁምጣ ሲሮጡ እያወቋቸው፣ ዲግሪ ይዘው ከመጡ ወዲህ አንተ ብለዋቸው አያውቁም።»

ዶክተሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አላለፈም። «በአጠራር ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«አይታሰርም። ይልቅ ስለ ዘይቱ ማን ነገረዎት?»

«ራሳቸው ናቸው… ሐሙስ ዕለት።»

«ትላንት አመሻሹ ላይ እኮ ዘይቱን ለሚሠራላቸው ለኔሬዮ ‹ለማንም አልተነፈስኩም› ብለው ምለዋል። የነገሩዎት ከዚያ በኋላ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ‹እህቴ የምትተኛው በዚህ ነው፣ ይህንን ነው ስትኮንኑት የኖራችሁት› ብለው። እርስዎም ወሬውን ለዛሬ ጦር አደረጉት።» ጠርሙሷን ከፍ አደረገቻት። «ከዚህች አንድ ጠብታ አልቀመሱም። ሰሙ እንደታሸገ ነው ከኪሳቸው የተገኘችው። ፔርሙሱ ላይ ደግሞ የእሳቸው ጣት የለም፤ ከኢርማ ሌላ ግን የአንድ ሰው አሻራ አለ። አሁን የእርስዎን አሻራ እንወስዳለን።»

ዶክተሩ የመናገሪያውን ጠረጴዛ ጠርዝ ያዘ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አዛዡ ለዶን ኤቫሪስቶ የነገራቸውን እርስዎ ይጨርሱልን» አለች ኔሊዳ።

«ተክሉ የኔ ነበር» አለ ዶክተሩ። ለኔሊዳ ሳይሆን ለአዳራሹ ነበር የሚናገረው። «ገና ከዩኒቨርሲቲ መምጣቴ ነው። ዳሪዮ ጓሮውን ሰጠኝ። ፖሊስ ሽታው ደርሶት ነበር… የዳሪዮ ነው ብዬ ወደ አዛዡ አንድ ስልክ ደወልኩ። ጥቂት ታስሮ ይወጣል ብዬ ነው! ይሞታል ብዬ አይደለም! ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው አድኛለሁ? የማን ልጅ ነው በእጄ ያልተወለደ? ንገሩኝ እስቲ!»

በሁለቱም ወገን ሰው መሬት መሬቱን ያያል። ሳጅኑ መጥቶ በክንዱ ያዘው።

ዶኛ ዴልፊና ማንም በማይረግጠው መሐል መንገድ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች። ኔሬዮ ፊት ቆመች።

«ዘይቱን አንተ ነህ የምትሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት እንደምረግምህ እያወቅህ?»

«አዎ፣ ዶኛ።»

«ለምን እኔ አይደለሁም አላልከኝም?»

«ብልዎት ያምኑኝ ነበር?»

አሮጊቷ ከንፈሯን ነከሰች። «አላምንህም ነበር» አለች። በተቆላለፉ ጣቶቿ የሸሚዙን ኮሌታ ጨበጠች፤ ግንባሯን ደረቱ ላይ ጣለች፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ኔሬዮ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ጨንቆት ቆየና በመጨረሻ ትከሻዋን አቀፈ።

ሰዎች ኮታቸውን እያነሱ ሊወጡ ሲሉ ግን ዞረች። ወደ ፊት ተመልሳ በወንድሟ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የት ትሄዳላችሁ? ለክርክር ነው የተጠራችሁት» አለች፤ ድምፅ ባይኖራትም ሁሉም ሰማት። «እኔ ይህን ሣር አልወደውም፤ ሕመሜን ቢያስታግስልኝም አልወደውም። ልጄን ግን እስር ቤት ነው የገደለው። ፖሊስ ሲወስደው እዚህ ካላችሁት አንድ ሰው ደጄ አልመጣም። ተቀመጡ። ማን ነው የሚጀምረው?»

ኔሊዳ ዶክተሩን ይዛ ወጣች። መኪናው ውስጥ ከኋላ አስቀመጡት፤ ሳጅኑ ሞተሩን አስነሳ። በአዳራሹ መስኮት መጀመሪያ የኢርማ ድምፅ ወጣ፤ «እኔ አሁንም አልሸጥም!» ትላለች። ሌላው ሳያስጨርሳት መለሰላት፤ ቀጥሎ ሦስተኛው፤ ከዚያ ድምፁ ሁሉ ተቀላቅሎ ንፋሱን በለጠው።

ዶክተር ሊያንድሮ በካቴና በታሰረው እጁ መስኮቱን ተደግፎ ሊያዳምጥ ሞከረ።

«ስሜን እያነሱ ነው?» አለ።

ኔሊዳ ጥቂት አዳመጠች።

«የለም፣ ዶክተር» አለችው። «ስለ ሕጉ ነው የሚከራከሩት።»