ሁለት ሲጫኑት አራት

ልጅቷ በሠራችው፣ በቁጥር በሚከፈተው የበር ቁልፍ ላይ ሁለትን ተጫነች። ትንሿ ስክሪን አራት ብላ ጻፈች።

ደገመችው፤ አራት። ሦስትን ሞከረች፤ ሰባት! አምስትን ስትነካው ግን ጨዋው አምስት፣ አምስት ብሎ መለሰላት። ክፍሉ በሙሉ አፍጦ ያያታል። መምህሩ ክንዳቸውን አጣጥፈው ከጎኗ ቆመዋል። ነገ ለውድድር ከየክፍሉ የሚሄደው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ለዚህች ቀን ስንት እንቅልፍ አጥታለች!

ጥፋቱ ወዲያው ገባት። ኪፓዱን፣ የቁጥር መጫኛውን፣ ስትገጥም የአግድሙን ሽቦዎች በቁሙ ቦታ፣ የቁሙን በአግድሙ ሰክታቸዋለች። ትናንት አክስቷ «ኧረ ስልኩን ተይና እጅሽን እዪ!» ስትላት «እሺ እሺ» ብላ ነበር። እሺ ማለት መች ይከብዳል።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ መምህሩ።

አፏን ሳትከፍት አብሯት የሠራው ልጅ ቀደማት። «ምላሴ» ነው የሚሉት። ላልሠራው የቤት ሥራ ሁሉ አንድ አንድ አያት ቀብሯል።

«ቲቸር፣ ሆን ብለን እኮ ነው! ሌባ ስክሪኑን አይቶ ቁጥሩን ቢይዝ ጉድ ይሆናል። በሩ አይከፈትለትም!»

የመምህሩ ፊት በራ። «ይሄማ ጭንቅላት ነው! በቃ፣ ነገ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። አንቺ፣ እንዴት እንዳሰብሽው እስቲ አስረጂን።»

ምላሴ በክርኑ ጎሰማት። «አታካብጂ፣ አስረጂ» አላት በሹክሹክታ።

ስክሪኗን አየች። ነገም «እንዴት አሰብሽው?» ይሏታል፤ ከነገ ወዲያም። ውሸት ከወለዱት በኋላ ማብላት ማጠጣቱ አለ። የወለደው ምላሴ፣ የምታሳድገው እሷ!

«ቲቸር፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለች። ባትሪውን ነቀለችና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። «ሆን ብለን አይደለም። አገላብጬ ሰክቼው ነው።»

ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። መምህሩ ክንዳቸውን ፈትተው ጎንበስ አሉ።

«ገደልሽን እኮ!» አለ ምላሴ።

«ዝም በልና ይሄን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዘላት። የመጨረሻውን ሽቦ ሰክታ ባትሪውን መለሰችና ኪፓዱን ወደ እሱ ገፋችው።

«በል፣ ሁለትን ተጫን» አለችው። «ስክሪኗ የጻፈችውንም ጮክ ብለህ አንብብልን። ከራስህ ሳትጨምር።»