የሃርላን ሰማያዊ ባንዲራ

ኦፓል ትራስክን የሚጠይቃት ሰው የለም። ፊደል አልቆጠረችማ! ስለ አባቷ የሰጠችውን ምስክርነት ሰማንያ ዓመት ሙሉ የናቀባት ከተማ፣ ዛሬም አሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ላይ አቆማት።

ከተማይቱን ከነሐዲዷ አሳንሰው በሠሩበት ጠረጴዛ ሥር፣ ሃርላን ዲትስ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደጨበጠ ሞቶ ተጋድሟል።

«ማብሪያውን ሳያጠፋ ገብቶ ነው» አለ ሸሪፍ ብሪግስ። «እማማ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«የምሄደው አንተ ዓይንህን ስትገልጥ ነው! ባንዲራዋስ?»

ሃርላን ጠረጴዛው ሥር ሲገባ ማብሪያው ላይ የሚያንጠለጥላት ሰማያዊዋ ባንዲራ፣ በሩ አጠገብ ከሚስማሯ ላይ ነበረች። ኦፓል ዳሰሰቻት፤ ጣቷ ላይ እርጥብ ኮላ ቀረ።

«ኤልሮይ፣ ጧት ስታልፍ የት ነበረች?»

«ማብሪያው ላይ» አለ ጡረተኛው ባቡር ነጂ። «ሃርላን ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ይሠራ ነበር። አልነካኋትም።»

«እኔም አይቻታለሁ» አለች የቀድሞዋ ትኬት ቆራጭ ቨርነል። «የሰው ባንዲራ ማን ይነካል?»

«እኔ ገና አሁን መግባቴ ነው» አለ ጠረጴዛውን ያሠራው ማኅበር ሊቀ መንበር ዋርድ ሜሪክ። «ጠረጴዛውን ካየሁት ሳምንቴ።»

ኦፓል ሸሪፉን ገፋ አድርጋ ገባችና ጠረጴዛውን ዞረችው። ትናንት ከባቡሩ ምልክት መብራት ፊት ለፊት ያየችው ትንሹ የከሰል ማማ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ሥሩ ገና በኮላ ይረጥባል። ደሟ ፈላ።

«ሁላችሁም ቁሙ!» አለች። «በሐዲድ ሕግ፣ ባቡር ሥር ሊሠራ የገባ ሰው ያንጠለጠላትን ባንዲራ ራሱ እንጂ ሌላ አያነሳትም። ሃርላን ከሥር ሞቷል። ታዲያ ሬሳ ተነስቶ ባንዲራ ሰቀለ? እነዚህ ሁለቱ ሐዲድ ላይ ያረጁ ናቸው፤ ቢገድሉ እንኳ እጃቸው እሺ አይላቸውም። ባንዲራዋን አንስቶ ማብሪያውን ያበራው ሐዲዱን በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ነው። ባንዲራዋን መልሶ ሲሰቅል ደግሞ ማማውን ያዛወረበት ኮላ እጁ ላይ አልደረቀም ነበር። ዋርድ፣ እስቲ እጅጌህን!»

ዋርድ እጁን ወደ ኪሱ ሲከት ሸሪፉ ያዘው። እጅጌው ላይ ነጭ ኮላ ተጋግሯል።

«ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው?» ሲል ጮኸ።

«አያትህን አጋልጦ! አሥራ አንድ ሰው ያለቀበትን የባቡር ግጭት በአባቴ በሐዲድ ቀያሪው ላይ የደፈደፈው አያትህ ነው። ሃርላን ግን የድሮ ፎቶ አይቶ ማማውን ከቦታው አቆመው። ያንን ማማ ያሠራው አያትህ ነው፤ መብራቱን ከአባቴ ዓይን የጋረደውም ያ ማማ ነው! ቅዳሜ ሕዝብ ሊያየው አልነበር?»

ኦፓል ወደ ሸሪፉ ዞረች።

«ሸሪፍ፣ ፎቶህን አንሳና ትወስደዋለህ። ዋርድ፣ አንተ ግን መጀመሪያ ማማውን ከነበረበት መልስ! በገዛ እጅህ፤ እኔ እያየሁ!»