የዓርብ ቀትር ድምፅ

«ሊናገር ስንት ደቂቃ ቀረው?» አለች ኡሙልኸይር ከደጅ።

«ሰባት፣ እማ» አለች ሱዓድ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል።

ዓርብ ነው። ወንዶቹ ጁምዓ ሄደዋል፤ በቆቦ መንገድ ላይ አቧራ ብቻውን ይሽከረከራል። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሞላ የሱዓድ ወንድም ታሂር ከላፕቶፑ ውስጥ «ተቀብያለሁ፣ ጀዛከላህ» ብሎ ያመሰግናል። ታሂር ከተቀበረ አራት ወሩ ነው። ጎረቤት በዚህ ሰዓት በአጥሩ ሥር ማለፍ ትቷል። ፍሬኑ በማይዝ ባጃጅ ሮቢት ደርሶ የሚመለሰው ጀግናው ዋሲሁን እንኳ አማትቦ ነው የሚያልፈው።

ሱዓድ ነገሩን ታውቀዋለች። ታሂር ፐርል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ፣ ድረ ገጽ የሚሠራበት ፕሮግራም እያረመ ይጠብቅ ነበር። ኮዱ ክፍት ነው፤ በሩቅ አገር ያሉ ክሊኒኮች በነጻ ይገለገሉበታል፤ የፈለገ ሰው ማሻሻያ ይልካል። ታሂር ሲታመም፣ የመጣውን ፈትኖ ዓርብ ዓርብ በእሱ ስም የሚቀበል ትንሽ ኮድ ጻፈ፤ ድምፁንም ቀዳበት። «አማናዬ ነው፣ ጠብቂው» አላት።

የዛሬውን ማሻሻያ ስታነብ ግን አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ተመለሰች። ስሙን የደበቀ ሰው የላከው ማሻሻያ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን መስመር ቀስ አድርጎ አውጥቶታል። የበሽተኞች መዝገብ ለማንም ሊከፈት ነው። የታሂር ፈተና ይህን አይመረምርም፤ ረስቶታል። ፈተናውን አልፏል የሚለው አረንጓዴ ምልክት በርቷል።

«አጥፊው እንጂ! ምን ፈዘሽ ታያለሽ?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ኢልሀም።

«ካጠፋሁት እሱም ዝም ይላል።»

«የዛሬውን ብቻ እምቢ በይ።»

«ሌላ ዓርብ ትምህርት ቤት ስሆንስ ማን ያየዋል?»

«በቃ ድምፁን ለእናትሽ ስልክሽ ላይ ገልብጪላት።»

«እማ የምትጠብቀው ድምፁን መሰለሽ? ሲሠራ ልትሰማው እኮ ነው።»

የላፕቶፑ ማራገቢያ በራሱ ተነሳ፤ ታሂር ሊናገር ሲል ጉሮሮውን እንደሚጠርገው አጉረመረመ። ኢልሀም «ቢስሚላህ!» ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ስክሪኑ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ስሙ ፊደል በፊደል ይጻፍ ጀመር፤ ታ… ሂ…

ሱዓድ የማስቆሚያውን ቁልፍ ተጫነች።

ጽሑፉ እዚያው ቆመ። ማራገቢያውም ዝም አለ።

«ዛሬ አልተናገረም» አለች ኡሙልኸይር በር ላይ ቆማ።

«የመጣው ተንኮል ነበር፣ እማ። ታሂር ራሱ ቢሆን አይቀበለውም።»

እናቷ በርጩማዋን ከደጅ አምጥታ ከሱዓድ ጎን ተቀመጠች።

«ታዲያ ሰዎቹ ምን ልከዋል? አንቺ አንብቢልኝ።»

ሱዓድ ታሂር የረሳውን ፈተና ለመጻፍ አዲስ ገጽ ከፈተች። የፕሮግራሙ ጠባቂዎች ስም ከተዘረዘረበት ላይ የእሱን ስም አልነካችም። ከሥሩ የራሷን ጻፈች።